ልጅ የለኝም ብለው የገቡት እናት

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ተመድቤ ቁስል እያጠብኩ፣ መርፌ እየወጋሁ ስሠራ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቷል። ያ ቀን ግን አልወጣልኝም። የማይወጣልኝም ሌላ ሰው ባደረገው ነገር አይደለም፤ እዚያ ቆሜ እኔ ራሴ በተናገርኳት አንዲት ቃል ነው።

ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። ቢቸና ዘመድ አልነበረኝም። ከጤና ጣቢያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሰው «የአሮጊቶች ቤት» የሚለው ግቢ ነበር። አንዲት ባለጸጋ ሴት ሲሞቱ፣ ጧሪ ለሌላቸው ሴቶች ይሁንልኝ ብለው ለነፍሳቸው የተናዘዙት ቤት ነው። ዘጠኝ አልጋ አለው። የሚያስተዳድሩት እማሆይ ዘውዲቱ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ መነኩሲት ነበሩ። የመግቢያው ሕግ አንድ ነው፤ የሚጦር ልጅ ያላት አትገባም። አልጋው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ ቁስል አጥባለሁ፣ ዓይን እቀባለሁ። እማማ አንጓችን ያወቅኳቸው በዚያው ነው። ከሞጣ መንገደኛ እየመራቸው በእግራቸው መጥተው ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። ቢሆንም ጥጥ ሲፈትሉ፣ በዳበሳ የሚያወጡት ክር ደህና ዓይን ካላቸው ሴቶች ክር ይቀጥን ነበር።

ወደዱኝ፤ እኔም ወደድኳቸው። አንድ ቀን ዓይናቸውን እየጠረግኩ፣ «እማማ፣ ልጅ አልወለዱም?» አልኳቸው።

«አንዲት ወልጄ ነበር። አትጠገብ ነበር ስሟ። ሞታለች» አሉኝ።

ነፍስ ይማር አልኩ። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለፈንጣጣ ክትባት ወደ ሞጣ ተላክሁ። ሁለት ሳምንት ስለምቆይ አንድ የእህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ነጋዴው ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዝምተኛ፣ ደግ፣ ሆዷ ገፋ ያለ ነፍሰ ጡር። እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ እሷም የጤና ሠራተኛ ነኝ ብላ እግሯ ሲያብጥ ታሳየኛለች።

በሦስተኛው ቀን ከቢቸና መምጣቴን ሰማች። ውኃ የምትቀዳበትን እንስራ አስቀምጣ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እንግዲያ ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፤ አትታዘቢኝ። ዓይኗ የደከመ አንዲት ሴት እዚያ አላየሽም? እናቴ ናት። አምና ጠበል ልጠመቅ ብላ ወጥታ ቀረች። መርጡለ ማርያም አስፈለግኳት። ደብረ ወርቅ አስፈለግኳት። ሮብ ገበያ ድረስ ሰው ልኬያለሁ። አንጓች ነው ስሟ። ፈታይ ናት።»

«እትዬ፣ ያንቺስ ስም ማነው?» አልኳት።

«አትጠገብ» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነፍስ ይማር ያልኩላት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ትተነፍሳለች። በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያሉ ሴት ቢቸና የአሮጊቶች ቤት ውስጥ አሉ» አልኳት። ልጄ ሞታለች ማለታቸውን ግን አልነገርኳትም። ተገናኝተው ሲተቃቀፉ ይረሳል ብዬ አሰብኩ።

ለባሏ ስትነግረው እዚያው ነበርኩ። «ሂጂ፣ አምጫት» አላት። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ክትባቱ እንዳለቀ እህል በጫነ መኪና አብረን መጣን። ሾፌሩ ነፍሰ ጡር መሆኗን አይቶ ጋቢና አስቀመጠን። መንገዱን ሁሉ ለእናቷ የምትለውን ነገር ስትሰካካ ነበር። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። «ይኸኛው ጸንቶልኛል፤ እናቴ ዳብሳ ታየዋለች» ትለኛለች። ስቃ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቢቸና ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ይፈትላሉ። አትጠገብ ከበሩ እንደገባች አወቀቻቸው። ሮጣ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«እማዬ! እማዬ! ምን አድርጌሽ ነው?» እያለች ታለቅሳለች።

የእማማ አንጓች እንዝርት ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ። ሴቶቹ ሁሉ መፍተሉን ትተው ያያሉ።

«ማናት ይቺ?» አሉ እማማ አንጓች።

«እኔ ነኝ! አትጠገብ ነኝ!»

«ተሳስተሻል ልጄ። እኔ አላውቅሽም።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ «ኧረ የእሳቸው ልጅማ ሞታለች፤ ለእኛም ነግረውናል» አለች። ለክፋት አልነበረም የተናገረችው። አትጠገብ ቀና ብላ መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየቷን አልረሳውም።

እማሆይ ዘውዲቱ ከውስጥ ወጥተው ቆመው ነበር። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻት። ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ እማማ አንጓች በዳበሳ የእጄን አንጓ ይዘው ጨመቁኝ። እንደዚያ ያለ ጉልበት አላቸው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሕጉ ትዝ አለኝ። ልጅ አላቸው ብል ዛሬውኑ ከቤቱ የሚያስወጧቸው መሰለኝ።

«ተሳስተናል መሰለኝ» አልኩ።

አትጠገብ ቀስ ብላ ተነሣች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ይዛው የመጣችውን አዲስ ጋቢ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እስከዚያች ሰዓት እናቷን «አንቺ» ስትላቸው ነበር፤ አሁን እንደ እንግዳ ሰው «እርስዎ» አለቻቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ እናቴን መስለውኝ ነው። እናቴን የትም ቢያገኟት፣ አትጠገብ ቤቴ ክፍት ነው ብላሻለች ብለው ይንገሩልኝ።»

«እነግርልሻለሁ፣ ልጄ» አሉ እማማ አንጓች።

ወጣች። ልከተላት ስል እማማ አንጓች አንጓዬን አልለቅ አሉኝ። ሴቶቹ ገለል እስኪሉ ጠበቁና ጎተት አድርገው አስቀመጡኝ።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ከበሩ ወጥታለች?»

«ወጥታለች።»

ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ተጨማደደ። ድምፅ አላሰሙም። «እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ከስታለች?»

«አልከሳችም።»

«ፊቷ ላይ ማዲያት አለ?»

«ጉንጯ ላይ ትንሽ አለ።»

«ስታቅፈኝ ሆዷ ጉልበቴን ነካኝ። ስንት ወሯ ነው?»

«አምስት አልፏታል።»

«አምስት!» አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «እነዚያ ሦስቱ አንዱም አምስት አልሞላ።»

የሆነውን የነገሩኝ ያኔ ነው። ሦስተኛው ካስወረዳት በኋላ ባሏ አንድ ደብተራ አምጥቶ ሲያማክር፣ እማማ አንጓች ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሰምተዋል። ደብተራው፣ «ቤትህ ውስጥ ጥላዋ የከበደ አሮጊት አለች፤ እሷ እያለች ሚስትህ ልጅ አይጸናላትም» ብሎታል። ባሏ ምንም አልመለሰም። እማማ አንጓችም ለማንም ሳይናገሩ፣ በሳምንቱ ጠበል ብለው ወጡ። የአሮጊቶች ቤት ሲደርሱ ልጅ አለኝ ካሉ እንደማይገቡ፣ ቢገቡም ሰው ተልኮ ልጃቸው እንደምትጠራ ስላወቁ፣ ሞታለች አሉ።

«ይኸው ከወጣሁ ጸነሰች። ታዲያ ምን ብዬ እመለሳለሁ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይህ ውሸት ነው። በሰው ጥላ አያስወርድም፤ እኔ ተምሬዋለሁ» አልኳቸው።

«አንቺ የተማርሽውን ታውቂያለሽ» አሉ። «እኔ ግን ሦስቱንም በእጄ ቀብሬያለሁ።»

ለአትጠገብ እንዳልነግራት በማርያም አስማሉኝ። «እስክትወልድ ብቻ። በሰላም ከተገላገለች ትነግሪያታለሽ። ያኔ እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

አትጠገብን መኪና መቆሚያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን ሌሊት እኔ ቤት አደረች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሞታለች ማለቷን ታውቂ ነበር?» አለችኝ። «አውቅ ነበር» አልኳት። በማግሥቱ ወደ ሞጣ ተመለሰች።

ክረምቱ ገባ። የዚያን ጊዜ የሞጣ መንገድ የበጋ መንገድ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር መኪና አያልፍበትም። እማማ አንጓች በሄድኩ ቁጥር «ከሞጣ የመጣ ሰው አለ?» ይሉኛል። ወሯን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ሐምሌ ሲደርስ፣ «አሁን ወልዳለች፤ ታቅፋለች» እያሉ ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሳንባ ምች ያዛቸው። ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ሰጠኋቸው። አራት ቀን ታመው በአምስተኛው አረፉ። ወሬው ሳይመጣላቸው ነው የሞቱት። ያቺን ጋቢ ለብሰው ነበር።

ከቀብር ስንመለስ እማሆይ ዘውዲቱ ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ቀረት አሉ።

«ለልጅዋ ማን ይንገራት?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ልጅ እንዳላቸው ያውቁ ነበር?»

«በገባች በወሩ ነው ያወቅኩት። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ቆማ ስትጸልይ ሰማኋት። ‹ለአትጠገብ ልጅ ስጣት› ትላለች። ለሞተች ልጅ ማን እንዲህ ብሎ ይለምናል?»

«ታዲያ ለምን አላስወጧቸውም?»

«የት ትሂድ ብዬ ነው የማስወጣት? ከእነዚህ ሴቶች ውስጥ ስንቷ ልጅ እንዳላት እኔ አውቃለሁ።» «ያን ቀን ምን ትያለሽ ብዬ የጠየቅኩሽ እንድትናገሪ ነበር። ሚስጥሯን እኔ ባወጣው ታፍራለች ብዬ፣ ከአንቺ አፍ ይውጣ አልኩ። አንቺ ብትናገሪ እኔም አልጋሽ አይነካም እላት ነበር።»

መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ዝናቡ እንዳባራ፣ መንገዱ ሳይደርቅ፣ ፈቃድ ጠይቄ በበቅሎ ሞጣ ሄድኩ። አትጠገብ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሕፃን ታጠባለች። ሴት ልጅ ናት፤ ወፍራም፣ ጤነኛ። የለበስኩትን ጥቁር ስታይ ምን ይዤ እንደመጣሁ ገባት። አልጮኸችም። ሕፃኗን ከጡቷ አላላቀቀችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ደብተራውን፣ ግድግዳውን፣ ያን ቀን ከወጣች በኋላ የጠየቁኝን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ደብተራው ሲነሳ ዞር ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሲያለቅስ ተሰማን።

አትጠገብ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረቻት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«አውቃ እንደካደችኝ አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ። መንገዱ ሲደርቅ ይቺን ይዤ ልመጣባት ነበር። እኔን ባታውቀኝ እሷን ትታቀፍልኛለች ብዬ።»

ልቅሶዋ የመጣው ይህን ከተናገረች በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰበሰብ አለቀሰች። ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀብዬ እኔ ያዝኳት፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

በዓመቱ ወደ አሰላ ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ አገሩም ተለዋወጠ፤ ከአትጠገብ ጋር ተጠፋፋን።

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች፣ ልጅ ነበርሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ ይሉኛል። እኔ ግን አሁን በእማማ አንጓች ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ልጆቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡና የበሩ ድምፅ ሲሰማኝ ገና ሳይገቡ ስማቸውን እጠራለሁ። እማማ አንጓች ይቅር ብለውኝ እንደሞቱ አምናለሁ፤ ዝም በይልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸውና። አትጠገብን ግን ይቅር በይኝ አላልኳትም። ያን ቀን ሞጣ ላይ ልላት አስቤ፣ ለቀስተኛው ሲበዛ ሌላ ጊዜ ብዬ ተውኩት።

ሌላ ጊዜ አልመጣም።