ማርክ ስከራከር

ልጄን ጥሩ ትምህርት ቤት ለማስገባት በየወሩ ዘጠኝ መቶ ዶላር የኪራይ ጭማሪ እከፍላለሁ፤ እዚህ አሜሪካ ኦሮራ ከተማ ካለው ሱቄም የአርባ ደቂቃ መንገድ ርቄአለሁ። ሰፈሩ የሀብታም ነው፤ ተማሪው ሁሉ የግል አስጠኚ አለው። የእኔዋ ብቻዋን አጥንታ በሒሳብ ቢ አመጣች።

እኔ ደግሞ መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ የመጨረሻው ነው ብዬ አምኜ አላውቅም። ለወላጆች ስብሰባ ሄደን አስተማሪዋ ፊት እንደተቀመጥን፣ በሱቅ እንግሊዝኛዬ «ኤ ለማምጣት ስንት ጎደላት? እስቲ አስተያየት አድርጊልን» አልኩ። ልጄ ጫማዋን ማየት ጀመረች። አስተማሪዋ ሳቅ ብላ፣ «ሪቴክ» እንዳለ፣ ፈተናውን ደግማ መውሰድ እንደምትችል፣ ብዙ ወላጅም እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን እንደዘጋን ልጄ ጀመረች።

«ዳዲ፣ ሪቴክ እንዳለ እኮ አውቃለሁ። ያ ቢ የራሴ ነው። እንደ ሽንኩርት ለምን ትከራከርበታለህ?»

«ላንቺው ብዬ ነዋ!»

«ለእኔ ከሆነ እኔን አትጠይቀኝም ነበር?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛ በአፍ ስረታ የኖርኩት ሰውዬ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

ፈተናውን ደግማ አልወሰደችም። ማርኳ ቢ ሆኖ ቀረ። በሚቀጥለው ስብሰባ እናቷን ይዛ ሄደች።