የተራበ ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ ጉሙ ከቡይት ራስ ከፍታ በኩል ወርዶ ከተማችንን ደባርቅን ሲሸፍናት፣ ተረት የምሰማው ከአያቴ ነበር። አያቴ በጎልማሳነታቸው አባይ በረሃ ወርደው ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ስለነበሩ በተረታቸው ውስጥ ጅብም ጦጣም የለም፤ ያለው ውሃ ነው። ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ዝናብ ርቦት ከሰማይ እንደሚወርድ፣ ጀሶ የሚባለውን ነጭ ለስላሳ ድንጋይ ሲያገኝ እየላሰ በስንጥቁ እንደሚገባ፣ ሲጠግብ መብላቱን ትቶ እንደሚሄድና ከኋላው ዋሻ እንደሚቀር ያወሩልን ነበር። ጢሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ከአጠገባቸው አልነሳም።

ያኔ አባቴ እዚያው በረሃ፣ ጀሶ ከሚቆፈርበት ቦታ ሥራ አግኝቶ፣ እኛን የሚወስድበትን የቤት መሥሪያ ቦታ መርጦ መጣ። በደባርቅ ጭቃ የተንገሸገሸ ሰው ነውና ሲያወራ ፊቱ በራ።

«ጎድጎድ ያለች፣ ነፋስ የማያገኛት ቦታ ናት። ዶፍ ቢወርድ እንኳ ወዲያው ጥርግ አድርጋ ትጠጣዋለች!»

አያቴ ደነገጡ። «ውሃው የት ሄደ ብለህ ጠይቀሃል ልጄ? እዚያ ላይ ልጆች አታስተኛ።»

«ኧረ አባቴ! ተረቱን ለልጆቹ ይተዉት» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አያቴ አልተቆጡም። ከበረሃ ካመጧቸው የጀሶ ድንጋዮች አንዱን ከጣሪያችን ቆርቆሮ ጠብታ ሥር አኖሩ፤ ሌላውን ውሃ በሞላ ማሰሮ ከተው ከደኑት። «ክረምቱ ይፍረድ» አሉ።

ጠዋት ጠዋት እየሮጥኩ አየሁ። የጠብታው ድንጋይ መጀመሪያ ጎደጎደ፣ ቀጥሎ አውራ ጣቴ ገባበት፣ በነሐሴ መጨረሻ ተበስቶ ማዶውን አሳየ። የማሰሮው ግን ያው ነበር፤ ውሃው አንዴ ጠግቦ ተቀምጧል። ድንጋይ የሚጨርሰው በላዩ የሚመላለሰው አዲሱ ውሃ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አባቴ ለእንቁጣጣሽ ሲመጣ ጣቱን በቀዳዳው አሳለፈ። ከዚያ እኛን ልጆቹን ተራ በተራ አየን፣ ጎንበስ ብሎም የአያቴን ጉልበት ሳመ።

«ቤቱን ጉብታ ላይ ሥራው» አሉት አያቴ።

አባቴም እንዳሉት አደረገ፤ እኛም ወደ በረሃው ወረድን። አያቴን ስለ እውቀታቸው አደንቃቸዋለሁ፤ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ስንስቅባቸው ሳይቀየሙን ክረምቱን ሙሉ መጠበቃቸው ነው። በሦስተኛው ዓመት ያቺ ጎድጓዳ ቦታ በአንድ ሌሊት ዝናብ ተደረመሰች። አባቴ እጄን አጥብቆ ይዞ ጠርዟ ላይ አቆመኝ። ከታች ከጨለማው ውስጥ ውሃ ይሰማል። አያቴን ባይሰማ ኖሮ ሁላችንም እዚያ ነበር የምንተኛው።