«በልተዋል» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ አንዲትን ነርስ በከዘራ መታች የተባልኩት ውሸት ነው። ወሬው ቡሬ ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ከዘራ የለኝም፤ ማንንም አልመታሁም። ያደረግሁት ግን ከዚያ ይብሳል... ስለዚህ ራሴ ልናገር።

ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን እኅቴ ታማ እዚሁ ሆስፒታል ተኝታለችና እሷን አስታምማለሁ። ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የሻረግ የምትባል፣ ፈረስ ቤት ከሚባል አገር የመጣች ገበሬ አለች። ዕድሜዋ እንደኔው ነው። ሕመሟ ስኳር ነው።

ጠዋት መዓዛ የምትባለው ወጣት ነርስ የስኳር መርፌውን ይዛ መጣች። ይህ መርፌ ምግብ ላልበላ ሰው ከተወጋ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብዬ የሻረግን ጠይቄያት ነበር።

«የሻረግ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«ኧረ ጠግቤ! እግዜር ይስጥልኝ።»

ለመዓዛም ይህንኑ ነገርኋት። «በልተዋል፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ውጊያቸው።»

መዓዛ ግን አልወጋችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የሻረግን እጅ ያዘች።

ደሜ ፈላ። በእኛ ጊዜ የበሽተኛ አልጋ ላይ የተቀመጠች ተማሪ ከክፍል ትባረር ነበር። «ተነሺ! አልጋ ላይ መቀመጥ ማን አስተማረሽ?» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየን።

«ይቅርታ እትዬ፣ ያለችውን አንዲት ወንበር እርስዎ ስለያዙብኝ ነው» አለችኝ። አስታማሚዎቹ ሳቁ... እሷም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ወደ የሻረግ ዞራ ስለ ላሟ ጠየቀቻት፤ ስለ አዝመራው ጠየቀቻት። ቀጥላም፦

«እማ፣ በዚህ በሁዳዴ የእናንተ ደብር ቅዳሴ በስንት ሰዓት ይወጣል?»

«በዘጠኝ ነዋ ልጄ።»

«ከቅዳሴ በፊት ቀምሰው ያውቃሉ?»

«ምን በወጣኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ!»

«ዛሬስ?»

የሻረግ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች።

መዓዛ መርፌውን ወደ ትሪው መለሰች። ጣቷን ወግታ ስትለካት፣ መድኃኒቱ ሳይነካትም ስኳሯ ዝቅ ብሏል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። የቀረበላትን ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ትራሷ ሥር አኑራዋለች።

እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሴት ነኝ። የጾመ ሰው «ጾሜያለሁ» እንደማይል ከማንም በላይ አውቃለሁ። እኔ ግን እንደ መዝገብ ጠየቅሁ፤ እንደ መዝገብ ተመለሰልኝ። መዓዛ ብትሰማኝ ኖሮ የሻረግን የምገድላት እኔ ነበርኩ።

የሻረግ ስኳር የበዛበት ሻይ እያለቀሰች ጠጣች። «ለዛሬ ነው ልጄ። ነገ ግን የንስሐ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ አልቀምስም» አለች። መዓዛ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ ነበር።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ መዓዛን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጮህኩባት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት ይሆናል። ቀጥዬ ፈረስ ቤት ለየሻረግ የንስሐ አባት ደውዬ ስልኩን ለእሷ እሰጣታለሁ፤ ፈቃዱን ከአፋቸው ትስማው። ከዚያ የአጃ አጥሚት በሁለት ኩባያ እቀዳለሁ። ብቻዋን መቅመስ ታፍራለችና፣ አንዱ የእኔ ነው።