እስከ አሜን የማይለቅ እጅ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ ዘርእዝጊ ነው፤ ያ ትራም ነጂው። ሲስቅ ትራሙን ያቆማል ይሉታል። ውሸት ነው፤ ዱሮም ቀርፋፋ ነው። ደግሞም የሰጠኝ የወሬውን አጥንት ብቻ ነው። ሥጋ ማልበሱን ለእኔ ተዉት። በዚህ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ አውሪ ካለ ይምጣና እንተያይ!

እታለም ጀርመን አገር፣ ግሪስሃይም የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኒደርራድ ሰፈር አንድ የቢሮ ሕንፃ ስታጸዳ ኖራለች። ሰባተኛው ፎቅ የእሷ ነው። የእሷ ስላችሁ ካርታ የላትም፤ ግን የትኛው መስኮት ላይ ርግብ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው አለቃ ጠረጴዛው ሥር የሙዝ ልጣጭ እንደሚደብቅ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ታዲያ ጨርቅ ስትጨምቅ፣ ስትጨምቅ፣ ቀኝ እጇ ደነዘዘ። ሐኪሞች አንጓዋን ቀደው የታነቀውን ነርቭ ፈቱላት። ሕመሙ ሄደ፤ ጉልበቱም አብሮት ሄደ። ብርጭቆ ታነሳለች፣ ብርጭቆው መሬት!

ይህን ጊዜ ደብዳቤ መጣ። ከሦስት ወር በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አለሽ፤ እጅሽ በርትቷል ካሉ ትመለሻለሽ፣ ካላሉ ፎቁ ለሌላ ይሰጣል፣ ይላል።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ኣሚር አንኳኳ። ኣሚር አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ውፍረቱን ተዉት፣ የእሱ አንድ ክንድ የሌላው ሰው ክንድ ተኩል ነው፤ በእሱ ክንድ ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ በሳምንቱ ይከስራል! ከኪሱ ሁለት እጀታ ያለው፣ አናቱ ላይ ሞላ የተጠመጠመበት ብረት አወጣ።

"እቺን ጭመቂ፣ እትዬ።"

"ምንድን ነው? የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያ?"

"የእጅ ነው እንጂ! ቀስ ብለሽ ትዘጊዋለሽ፣ ዘግተሽ ትቆያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትለቂዋለሽ። አንድ ቀን ትሠሪና አንድ ቀን ታሳርፊዋለሽ።"

"ስንት ልቆይ?"

"እየቆጠርሽ ነዋ፣ እስከቻልሽው።"

ቁጥር ይሰለቻታል፤ ስለዚህ በጸሎት ቆጠረች። ብረቱን ትዘጋና "አባታችን ሆይ" ብላ ትጀምራለች። በመጀመሪያው ሳምንት "መንግሥትህ" ሳትል ብረቱ ከእጇ ተፈናጠረ። በወሩ "እንጀራችን" ደረሰች! በሁለተኛው ወር "በደላችን"። በሦስተኛው፣ እልል በሉ፣ አሜን! ኣሚር ለመዝጋት ሠላሳ ኪሎ ጉልበት የሚፈልገውን ብረት አመጣላት፤ እሱንም አሜን አስባለችው። ክንዷ ከመሙላቱ የተነሳ የአበሻ ቀሚሷ እጅጌ ቷ ብሎ ተተረተረ። ኧረ እኔ አላጋነንኩም፤ የሰፋችው ሴትዮ ምስክር ናት!

በባቡር ትጨምቃለች፣ በአውቶቡስ ትጨምቃለች። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነጠላዋ ሥር ጀመረች። ሞላው ዘይት አጥሮታል፤ ጪው፣ ጪው ይላል። ቄሱ ስብከታቸውን አቋረጡ።

"ጫጩት ይዞ የገባ ማነው?"

ሴቶቹ አይጥ መስሏቸው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። እታለም ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰቅላ፣ አሜን እስክትል ብረቱን አለቀቀችም።

በቴርሚኑ ቀን ልጇን ሩሐማን ለማስተርጎም ይዛት ሄደች። ሩሐማ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠይቋት በጀርመንኛ የምትመልስ ልጅ ናት። ሐኪሙ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በግራ እጃቸው ያዙና ቀኛቸውን ዘረጉ።

"ባለዎት ኃይል ይጨብጡኝ።"

እታለም ብድግ አለች። አንገቷን ደፋች፣ በግራ እጇ የቀኝ ክንዷን ደገፈች፣ የሽማግሌውን እጅ ዳበስ አድርጋ ለቀቀች። እንዲያ ነዋ ያደገችው!

ሐኪሙ "ሽቫኽ" ብለው ጻፉ። ደካማ ማለታቸው ነው። የሦስት ወር ድካም ገደል ገባ!

"ማማ! ፌስተር!" ጮኸች ሩሐማ፤ ጠበቅ አድርጊው ማለቷ ነው።

"አንቺ! አባቴን የሚያክሉ ሰው እንዴት አድርጌ ነው የምጨምቀው?"

"ቴስት ነው እኮ፣ ማማ! ቴስት!" ከድንጋጤዋ አማርኛው መጣላት። ወዲያው ዞራ፣ እናቴ አክብራዎት ነው እንጂ እጇስ ብረት ነው፣ ብላ ለሐኪሙ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ስቀው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

እታለም አማተበች። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ" ብላ ያዘቻቸው። ከዚያ እንደለመደችው አባታችን ሆይ ጀመረች።

"መንግሥትህ" ላይ የሐኪሙ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ። "እንጀራችን" ላይ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ጉት! ጉት! ይበቃል!"

"ማማ፣ ልቀቂያቸው!"

"ቆይ፣ ገና በደላችን ላይ ነኝ!"

ሽማግሌው በእግራቸው ጣት ቆሙ። መነጽሩ ከግራ እጃቸው አመለጠና ወለሉ ላይ ሁለት ሆነ።

"አሜን!" አለችና ለቀቀች።

ሐኪሙ እጃቸውን እያራገፉ ያንን "ሽቫኽ" በቀይ ሰርዘው በርትቷል ብለው ጻፉ። እታለም ግን የፎቁም ነገር ጠፍቶባት፣ ተንበርክካ ስብርባሪ ትለቅማለች። ቦርሳዋን ከፈተች።

"ዋጋው ስንት ነው በያቸው። እከፍላለሁ።"

ሐኪሙ ሩሐማን ዞር ብለው አዩዋት። "ቅድም ይበቃል ስላት ምን ብላ ነው የመለሰችው?"

ሩሐማ ነገረቻቸው፤ በጸሎት ነው የምትቆጥረው፣ እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ቦታ ላይ ገና ነበረች አለቻቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን ጧ አድርገው መቱና ለእታለም ሰጧት።

"እንግዲያው የመነጽሩንም ይቅር ብያለሁ በያት" አሉ። "ቦርሳዋን ትዝጋ። በእጇ ግን እንዳትሰናበተኝ!"