ሁለተኛው መስመር

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሜትር» ይላታል። የክንድ መለኪያዋን እንደ ሐብል ከአንገቷ ስለማታወልቅ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ብዙ ሰው ግን ኩሽና ገብታ ድስት የምታማስል ይመስለዋል። እሷም ማስረዳቱ ሲሰለቻት «አዎ፣ ጨው ቀማሽ ነኝ» ብላ ታልፋለች።

ሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። በሽተኛውን ትመዝናለች፣ ክንዱን ትለካለች፣ እጇን አጥብቆ እንዲጨብጥ ታደርጋለች፣ የደም ውጤቱን ታያለች። ከዚያ ወንበር ስባ ትቀመጥና ትላንት ከነቃበት እስከተኛበት ድረስ ምን እንደቀመሰ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። በመጨረሻ ሦስት መስመር ትጽፋለች፤ በመጀመሪያው ችግሩን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን፣ በሦስተኛው ማስረጃውን። ለጀማሪዎች ሁልጊዜ የምትላቸው አንድ ነገር አለ፦ «ሕክምናው የሚነሳው ከሁለተኛው መስመር ነው። እሱ ላይ ከዋሻችሁ የምታዙትን ሁሉ ውሃ በላው በሉ።»

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረተኛ የአውቶብስ ሾፌር ተኙ። ከስምንት ወር በፊት ስልሳ አራት ኪሎ የነበሩት ሰውዬ አርባ ዘጠኝ ገብተዋል፤ ቆዳና አጥንት ብቻ። ሐኪሞቹ ካንሰር ጠርጥረው ሆዳቸውን በካሜራ አዩ፣ ሳንባቸውን ራጅ አነሱ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። አንዱ ሐኪም ግራ ሲገባው ፋይሉ ላይ «ቤት ውስጥ በቂ እንክብካቤ ያላቸው አይመስልም» ብሎ ጻፈ። የሾፌሩ ታናሽ እህት ያቺን ዓረፍተ ነገር በትከሻው ላይ አሾልካ አነበበቻት። ከዚያ ወዲያ ለጠያቂው ሁሉ ወሬዋ አንድ ሆነ፦ ወንድሜን ሚስቱ በረሃብ ልትገድለው ነው!

ሚስታቸው በየምግቡ ሰዓት ሳህን ይዘው አልጋው አጠገብ ይቆማሉ፣ ባላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሳህኑ እንደሞላ ይመለሳል።

ሜትር እንደ ልማዷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ትላንት ጠዋት ምን በሉ?»

«ሩዝ። ጨው የሌለው።»

«ምሳስ?»

«ሩዝና ጥቅል ጎመን።»

«ማታስ?»

«ያው ሩዝ ነዋ። የተፈቀደልኝን ነው የምበላው ልጄ፤ አንድ ቀን አልተላለፍኩም።»

«ማን ነው የፈቀደልዎት?»

ሽማግሌው ከትራሳቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ቲማቲም፤ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። ግርጌው ላይ «ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ» ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የሜትር ነው።

አስታወሰች። ከስምንት ወር በፊት ኩላሊታቸው በድንገት ደክሞ ነበር፤ ክልከላውን ስትጽፍ ለሦስት ሳምንት ያህል አስባ ነው። ኩላሊቱ በወሩ አገገመ፣ ሐኪሙም «ድነዋል» ብሎ አሰናበታቸው። ወረቀቱን ግን የሻረው የለም። እሷም ቀጠሮ አልሰጠቻቸውም።

«ኩላሊትዎ ከዳነ እኮ ቆየ፣ አባባ። ለምን አልተዉትም?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ ቀይ መብራት ጥሼ አላውቅም። አረንጓዴ ሳይበራልኝ እንዴት ልሂድ?»

አልጋው ግርጌ የቆመችው እህትየዋ አላስቻላትም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እሺ እሱስ ይሁን፣ ሚስት ተብዬዋ የት ነበረች?»

ሚስታቸው ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ሜትር ዞረው፣ «እንቁላል ስቀቅልለት ‹ልትገድይኝ ነው ወይ?› ይለኛል። ስምንት ወር ሙሉ ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። እኔ ያልተማርኩ ሴት ከሐኪም ወረቀት ጋር እንዴት ልሟገት፣ ልጄ?» አሉ።

ሜትር ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። የመጀመሪያው መስመር አላስቸገራትም፤ ከባድ የምግብ እጥረት። ሁለተኛው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። «በሽተኛው መመሪያውን በተሳሳተ መንገድ ስለተረዱ» ብላ ብትጽፍ የሚጠይቃት የለም። ጻፈችውም። ያ ሳህን እንደሞላ ሲመለስ ታያትና አፈረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችና በሌላ ጻፈች፦ «ምክንያት፦ እኔ ያዘዝኩት፣ የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት የምግብ ክልከላ። ቤተሰቡ ጥፋት የለበትም።»

ተመልሳ እህትየዋ ባለችበት ጮክ ብላ አነበበችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ። እማማ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ» አለች። እህትየዋ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

አዲሱ ወረቀት በየቀኑ የሚበላውን ከነቀኑ ይዞ ነበር። የተራበ ሰውነት በአንዴ ከጠገበ ልብ ሊከዳ ስለሚችል በጥቂት ተጀመረ፤ ደማቸውም በየጠዋቱ ታየ። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ግማሽ ቅቅል እንቁላል» ይላል። ሾፌሩ ቀኑን ደግመው ደጋግመው አነበቡና እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ዘረጉ። ሚስታቸው እንቁላሉን ልጠው ግማሹን መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሃምሳ አንድ ኪሎ ሆነው ወጡ። እህትየዋ ሻንጣውን ተሸክማ ቀደመች። ሚስታቸው ግን ሜትር ቢሮ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያችን ሁለተኛዋን መስመር ትገለብጭልኛለሽ? ሰፈር ውስጥ ማንበብ የሚችል አላጣም።»

ሜትር ገለበጠች፣ ፈረመች፣ ማኅተም አደረገችበት። ሴትየዋ ወረቀቱን አጥፈው በዚያው ፌስታል ጠቀለሉት።