ኮሚቴው ያገደው መንገደኛ

ሹም ሆነ ሹፌር፣ ባለሱቅ ሆነ ባለዕዳ፣ በዚህ ከተማ ወሰን ውስጥ የሚተነፍስ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ አላወቅሁም ማለት ከተጠያቂነት አያድንም፦ ከጎርፍ መውረጃው አጠገብ ባለው ላውንደሪ ቤት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቆሞ ልብስ የተኮሰው ሰው ሦስት ቀን ከከተማ ለመውጣት ተነሥቷል። በዚህም ምክንያት የሕዝብ ጸጥታ ይደፈርሳል፤ የኳስ ሕግጋት ይናጋሉ፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣም ገና አልተወሰነም።

ቀልድ የመሰለው ካለ የደጋፊዎች ኮሚቴውን ውሳኔ ያንብብ። ማኅተም አለበት።

ሰውየውን ብሎን ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ያንን ግን የሚያውቁት ሚስቱና የክሊኒኩ ካርድ ብቻ ናቸው። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ቀኝ ክንዱ ከግራው የወፈረ ነው፤ ያወፈረው ካውያ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ የሰው ኮሌታ፣ የሰው እጅጌ፣ የሰው ሱሪ ሲያቃና ይውላል። የራሱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንደ ከረጢት ተነፍቷል። ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ ወንበር የለም። ባለቤቱ «የተቀመጠ ሠራተኛ ያንቀላፋል» የሚል ፍልስፍና አላቸው፤ ፍልስፍናቸውን የሚያስተምሩት ግን ቢሯቸው ተቀምጠው ነው። ቀኑ ሲያልቅ የብሎን እግር ደም ሥሮች እንደ ገመድ ተገትረው ይታያሉ።

ክለቡ የሌላ ከተማ ክለብ ነው፤ በአውቶብስ አንድ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ፍቅሩ በምርጫ የመጣ አይደለም። ልጅ ሳለ የቤታቸው ራዲዮ ጣቢያ መቀየሪያው ተሰብሮ በዚያች ከተማ ጣቢያ ላይ ቀረ። አባቱም «ይናገር እንጂ ምን ቸገረን» ብለው ተዉት። እንዲህ ሆኖ ብሎን የዚያችን ከተማ የአየር ጠባይ፣ የሞት ማስታወቂያና የኳስ ውጤት እየሰማ አደገ። እግሩ ያልረገጠውን ጎዳና በስሙ ይጠራዋል። እንዳይሄድ ደግሞ ላውንደሪው ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶ አያውቅም፤ ባለቤቱ ለኳስ የሚለቁት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ከላውንደሪው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ። የዚያ ክለብ ደጋፊዎች፣ በቁጥር ከሃያ የማይበልጡ፣ በጩኸት ግን ሁለት ሺህ የሚያህሉ፣ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ቴሌቪዥኑ ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል፤ መሐል ላይ ምሰሶ ተገትሯል፤ ሕዝቡ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ያያል። መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ወንበር ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግድም ብሎን እንደ አጋጣሚ ቀድሞ ደረሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ክለቡ ሦስት ለባዶ አሸነፈ። በሳምንቱም ተቀመጠ፤ አሁንም አሸነፈ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፀጉር አስተካካዩ ቀደመውና የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ። ብሎን የዚያን ዕለት የአንድ ሆቴል መጋረጃ በሙሉ ሲተኩስ ውሎ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ያቺን ነገር የተናገራት ያን ጊዜ ነው።

«እንደ ፍጥርጥርህ፣ ተቀመጥ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ተሸንፈን እንደማናውቅ ብቻ አስብበት።»

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብሎን የፈለገው ዘጠና ደቂቃ መቀመጥ ነበር፤ የተሰጠው ሹመት ሆነ። ክለቡ የተሸነፈ ዕለትስ? የሰው ልጅ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ የወንበሩ ሳይሆን የአቀማመጡ ይሆናል። አንዴ እግሩን አነባብሮ ነበር። አንዴ ሽንት ቤት ሄደ። አንዴ ሻዩን በትኩሱ ፉት አለው። ስለዚህ ሕግ በሕግ ላይ ተደረበ፦ እግር አይነባበርም፣ መነሣት የለም፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አይነካም። ሰውየው ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ቀዝቃዛ ሻይ ይጠጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ውሸት ደግሞ እያደር ማኅተም ያስቀርጻል።

ቅጽል ስሙም ያኔ ወጣ። «እሱ ከተፈታ መኪናው በሙሉ ይበታተናል» ብሎ የሰየመው ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ነው። ከሥራው በወረሰው ልማድ ተጋጣሚ ባጠቃ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን መያዙ ነው። እስካሁን አንድም ጎል አላቆመም።

ዘንድሮ ሁለት ነገር ተገጣጠመ። አንደኛ፣ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ለመትረፍ የመጨረሻውን ጨዋታ አለመሸነፍ አለበት። ጨዋታው እሑድ አሥር ሰዓት፣ በገዛ ሜዳው፣ በዚያችው ከተማ ነው። ሁለተኛ፣ የላውንደሪው ቦይለር ፈነዳ። ማንም አልተጎዳም፤ አዲሱ እስኪገጠም ግን ሥራ አራት ቀን ይቆማል ተባለ።

የብሎን ልጅ አውቶብስ ተራ ትኬት ቆራጭ ናት። ወሬውን እንደ ሰማች ዕለቱኑ ወረቀት ይዛ ቤት መጣች።

«አባዬ፣ ቁጭ በልና ስማኝ» አለችው። «ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትነሣለህ። ሦስተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው በኩል ይዤልሃለሁ፤ እግርህን ትዘረጋለህ። በግራ በኩል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባል፣ ስለዚህ በቀኝ ነው ያደረግኩህ። ምሳ ላይ ሃያ ደቂቃ እንቆማለን ይሏችኋል፤ ውሸታቸውን ነው፣ አሥራ አምስት ነው። እንዳትዘናጋ። ስትደርስ ከመናኸሪያው ትወጣና...»

«ወደ ግራ» አለ ብሎን። «ድልድዩን እሻገርና የዳቦ ፋብሪካውን አልፌ፣ ከውሃ ማማው ሥር።»

«ማን ነገረህ?»

«አርባ ዓመት ሲነግሩኝ ነው የኖሩት።»

ልጅቱ ከወረቀቱ መሐል የስታዲየም መግቢያ ትኬት አውጥታ ሰጠችው። በር ሦስት፣ ረድፍ አሥራ አራት። ብሎን ያቺን ቁራጭ ወረቀት ልክ እንደ ኮሌታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ አቃናት። ልጅቱም ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ዜናው ሻይ ቤት ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ፤ መግለጫም አወጣ፦ «ሰፊው ደጋፊ የሞት ሽረት ትግል ላይ በሚገኝበት በዚህ ወሳኝ ወቅት፣ አንድ ግለሰብ የግል ፍላጎቱን ከክለቡ ህልውና አስቀድሞ ለሽርሽር መነሣቱን ኮሚቴው በጥብቅ ያወግዛል። ግለሰቡ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ በመደበኛ ወንበሩ ላይ እንዲገኝ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ፊርማ። ማኅተም። ደጋፊ ስታዲየም ገብቶ እንዳይደግፍ ያገደ የደጋፊዎች ኮሚቴ ሌላ ቦታ ካለ ይነገረንና እንጽናና።

ብሎን ዓርብ ከሰዓት ሻይ ቤቱ ገባ። አልተቀመጠም።

«ወንድሞቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ» አለ።

«ምኑን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የወንበሩን ነገር። እግሬን አሞኝ ነው። አንተ ልትቀመጥ ስትል ከኪሴ አውጥቼ የተናገርኩት ነው። ወንበሩ ወንበር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።»

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ትከሻውን አቀፈው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አያችሁልኝ ትሕትናውን?» አለ። «ጸጋ ያለው ሰው መቼም ጸጋ አለኝ አይልም።»

«ሊቄ፣ ዋሸሁ እኮ ነው የምልህ!»

«አንተ ማወቅ አይጠበቅብህም፣ ብሎኔ። የመኪና ብሎን መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል?»

«አምና የእህትህ ልጅ ስትመረቅ የቀረህ ዕለት ስንት ገባብን?» ሲል ጠየቀው ፀጉር አስተካካዩ።

«አራት።»

«አምስት! አንዱን ዳኛው ሽሮልን ነው።»

ብሎን ወደ ሻይ ቤቷ ባለቤት ዞረ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ።»

«እኔ ኳስ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ ብርጭቆ እያለቀለቁ። «ብቻ የምትሄድ ከሆነ ወንበሩን ለሰው ልስጠው ወይስ ጨርቅ ላልብሰው?»

ብሎን ወጣ። መንገዱን ሲሻገር «አምስት» ይላል በልቡ። አሥራ አንድ ዓመት ብቻውን ሲሆን የሳቀበት ነገር ተከትሎት ቤቱ ገባ። ለጉዞው የራሱን ነጭ ሸሚዝ አውጥቶ መተኮስ ጀመረ፤ እጁ ይሠራል፣ እሱ ግን እዚያ የለም። የቀረባቸውን ጨዋታዎች እየቆጠረ ነው። ሽታው ሲያነቃው ኮሌታው ላይ የካውያው አፍንጫ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። በሃያ አራት ዓመት አንድ ጨርቅ አቃጥሎ አያውቅም።

ሚስቱ ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። በዚያች በጠባቧ መስኮት ስንቱን ፊት ስላየች፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ወዴት ክፍል እንደሚላክ ታውቃለች።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«እውነት ቢሆንስ?»

«ምኑ?»

«ወንበሩ።»

ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ዋጠችው። «አንተ ሰውዬ፣ ብሎንህ ገና ዛሬ ላላ። ራስህ የፈጠርከውን?»

«ፈጠርኩት። ግን ሠራ እኮ። ብሄድና ቢወርዱስ? በየት በኩል አልፌ ነው እነዚያን ሰዎች ቀና ብዬ የማያቸው? እነሱ ሲደክሙ ውለው ያችን ዘጠና ደቂቃ ነው ያላቸው። እኔስ ከዚያ ወንበር ስነሣ ምንድን ነኝ? ካውያ ነኝ።»

ሸሚዙን ከእጁ ወሰደችና መቀስ አንሥታ የኮሌታውን ስፌት መፍታት ጀመረች፤ የተቃጠለውን ወደ ውስጥ ልትገለብጠው ነው።

«በየቀኑ የማየውን ልንገርህ» አለች። «ሰው ታሞ ሲጨንቅ ዘመዱ ተጣድፎ ይመጣል። ሲመጣ በሽታውን አያድንም። መርፌ አይወጋ፣ መድኃኒት አያዝ። ግን ይመጣል። ቤቴ ወንበር ላይ ብቀመጥ ይሻለዋል ብሎ የቀረ ዘመድ እስካሁን አላየሁም።»

የተገለበጠውን ኮሌታ ብሎን ራሱ ተኮሰው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ አውቶብስ ተራ ሲደርስ ኮሚቴው በሙሉ ተሰልፎ ጠበቀው። እገዳው ተሽሯል፤ አዲስ አቋም ተይዟል።

«ሂድ፣ አልከለከልንህም» አለ ሊቀመንበሩ። «ስታዲየም ብቻ አትግባ። እዚያው ከተማ ጥሩ ሻይ ቤት ፈልግ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ያዝና በቴሌቪዥን እየው። አንተም ከተማዋን አየህ፣ ክለባችንም ተረፈ።»

የሚያስቀው ይህ አይደለም። የሚያስቀው ብሎን ማሰቡ ነው። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጎ አሰበ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ልጅቱ ከትኬት መስኮቷ አንገቷን አውጥታ «አባዬ፣ ኧረ ይሄዳል!» አለች።

ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው።

«ያኔ እውነት እግርህን አሞህ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ? እነሣልህ ነበር እኮ።»

ብሎን አየው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ መልስ ሊኖር እንደሚችል አስቦት አያውቅም ነበር። ሁለተኛውን እግሩን አነሣና ደረጃው ላይ አስቀመጠው።

«ስታዲየም እገባለሁ» አለ። «ግን አላይም። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ከዚህ በላይ አትለምኑኝ።»

«በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል!» አለ ሊቀመንበሩ። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ቀኝ እግሩ ኮብልስቶኑን ረገጠ።

እንግዲህ የዚያች ከተማ ሰው የሆንክ አንባቢ፣ ወሬው ለአንተ ነው። ነገ በበር ሦስት ገብተህ ረድፍ አሥራ አራት ስትደርስ፣ እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን የጨፈነ አጭር ሰው ታገኛለህ። እንቅልፍ ወስዶታል ብለህ ለጓደኛህ እንዳትጠቁም፤ የጨፈነው ለአንተው ክለብ ሲል ነው። ቦታ ልቀቅለት አንልህም፤ ቦታ አለው። የምንለምንህ አንዲት ነገር ናት፤ ፊሽካው ሳይነፋ፣ ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ማንም ሳያሸንፍ ማንም ሳይሸነፍ፣ በክርንህ ጎኑን ነካ አድርግና «ወንድሜ፣ ሣሩን አየኸው?» በለው።