አባቴ የዘጉት ጥሪ

አባቴ ባለ ንክኪ ስልክ የያዙት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። የላከላቸው ባሕር ዳር የሚኖረው ወንድሜ ነበር፤ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚነካካ ያሳየኋቸው ደግሞ እኔ። ፍኖተ ሰላም በአንድ መሥሪያ ቤት ስለምሠራ ለበዓል ቡሬ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ እየሄድሁ እጠይቃቸዋለሁ።

አባቴ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ስለደገሙ ማንበብ አይቸግራቸውም። በሰፈሩ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ድንበር የተገፋበት፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ በውርስ ያልተስማማ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ሁለቱንም ወገን ሳያቋርጡ ሰምተው፣ ዝም ብለው ቆይተው ነው የሚናገሩት። እናቴ ከሞተች በኋላ ግን ማታ ማታ የሚሰሙት ሰው አልነበራቸውም። ቤቱ ጭር አለባቸው።

መጀመሪያ ላይ ስልኩ መድኃኒት ሆነላቸው። የልጅ ልጃቸውን ፊት አዩበት፤ ስብከት ሰሙበት፤ በገና እያዳመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር። እኔም ደስ አለኝ። መደወሉ ከቤትም ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ በደንብ የሚይዘው ግን ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ጠዋት አንድ ጊዜ ወጣ ብለው ይመለሱ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መመለሱ ቀረ። ከብት እንደሚያግድ ሰው ቁርሳቸውን በልተው ይወጣሉ፤ ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ ከተው ፀሐይ እስክትበርድ እዚያው ይቀመጣሉ። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ደጉም ክፉውም፣ እውነቱም ውሸቱም ተከታትሎ ይመጣል።

ገና ሳይነጋ ይደውሉልኝ ጀመር።

"ልጄ፣ ደህና ናችሁ? ፍኖተ ሰላም እንዲህ ሆነ አሉ።"

"አባዬ፣ ምንም የለም። ማን ነው ያለው?"

"ስልኩ ላይ ወጥቷል።"

ደህና ነን ብላቸውም አያምኑኝም። ድምፃቸው ውስጥ የማላውቀው ፍርሃት ነበር። የወንፈል ሥራ ተራቸውን መርሳት፣ ማኅበር መቅረት አመጡ። ሰው ሊያስታርቁ ተጠርተው እንኳ መሐል ላይ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄዳል አሉኝ ጎረቤቶች።

በገና በዓል ስሄድ ይህንኑ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ግን እሳቸው መደቡ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም በየስልካችን ላይ አቀርቅረን ቆየን። የክርስትና እናቴ በዚህ መሐል ገቡ። ቤታቸው ከእኛ ቤት በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። ባለቤታቸውና አባቴ አብረው ያደጉ ናቸው፤ እኔ ክርስትና ስነሣ ደግሞ አበልጅ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲህ "አበልጄ" እንጂ በስም አይጠራሩም። የክርስትና እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ አባቴን፣ አንድ እኔን አዩና፣

"ምነው አባትና ልጅ፣ ሱባኤ ገባችሁ እንዴ?" አሉን።

ሳቅን። ስልኩን አስቀመጥን። ጨዋታው እስኪመሽ ዘለቀ። የክርስትና እናቴን በሕይወት ያየኋቸው ያን ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ጥር ሳያልቅ አንድ የጎረቤት ልጅ ቢሮ ደወለልኝ። የክርስትና እናቴ ሌሊት ደረታቸውን አሟቸው፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አርፈዋል። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ አፈር እየለበሱ ነበር። ለቅሶዬን ለቅሼ ቀና ስል አባቴን ፈለግሁ። ከካህናቱ አጠገብ አልነበሩም። ከሽማግሌዎቹም ጋር አልነበሩም። ሰዎችም እኔን እያዩ ነበር።

"አባትሽስ?" አለችኝ አንዲት ሴት። ከሩቅ ከተማ እኔ ደርሼ የአጥር ጎረቤታቸው አባቴ አልነበሩም። ደወልሁላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ቤት ስገባ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አገኘኋቸው። ከጉብታው ሲወርዱ ሰፈሩ ባዶ ሆኖባቸው፣ አንድ ሕፃን ነው የነገራቸው። ሲሰሙ ቀብሩ አልቋል።

"አባዬ፣ አንቱ ጥሩንባውን አልሰሙም?"

"ጆሮዬ ውስጥ ያ ነገር ነበር።"

ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣

"ደውሎልኝ ነበር" አሉ።

"ማን?"

"አበልጄ። ጠዋት ደወለ። ስሙን አየሁት። አንድ ነገር እያየሁ ነበር፤ ኋላ እደውልለታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ረስቼው ቆየሁ፤ ኋላ ባትሪው አለቀ።"

"ምን እያዩ ነበር?"

አባቴ ብዙ አሰቡ። "እግዜር ያውቃል፣ አላስታውሰውም" አሉ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

ለቅሶ ቤት ገብተው "እግዜር ያጽናህ" ሲሉ አበልጃቸው "አሜን" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሠልስቱም እንዲሁ አለፈ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ተቀምጠው አይነጋገሩም። የሰፈሩ ሰው ግራ ገባው፤ ሲጣሉ የሚያስታርቁት አባቴ ነበሩና እሳቸውን የሚያስታርቅ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻ አባቴ ራሳቸው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ሽማግሌ ለመኑ። ለሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ካለው ወይራ ሥር ተቀጠሩ። እኔም ከፍኖተ ሰላም መጥቼ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆምሁ። አባቴ ማንም ሳያዛቸው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉና አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ስንቱን በዳይ እንዲህ አቁመዋል። እሳቸው ሲቆሙ ግን ሽማግሌዎቹም ማየት ከበዳቸው።

"ተናገር" አሉ የንስሐ አባታቸው የክርስትና እናቴን ባለቤት።

እሳቸውም ብድግ አሉ። "እኔ ብዙ ነገር የለኝም፤ ያን ዕለት ስልኬ ጠራ፤ ልቤ ግን እስከ ዛሬ አልጠራም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኀዘን መሐል እንኳ ቅኔ ሲወድቅ የሚያልፍ ሰው በእኛ አገር የለም፤ አንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላው ከንፈራቸውን መጠጡ። ወርቁ አባቴ ዘንድ ደርሷል፤ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ቀና አሉ።

"እንዲጠራ ምን ልክፈል፣ አበልጄ?" አሉ።

"መጀመሪያ ድንጋዩን አውርድ። ወገብህን እኔ አውቀዋለሁ።" ድንጋዩ እስኪወርድ ጠበቁ። "ልጄ ዐረብ አገር ናት። እናቷን ሳታይ ቀበርኋት። ትደውልና ታለቅሳለች፤ የእኔ ስልክ ድምፅ እንጂ ፊት አያሳይም። ያ የአንተ ግን ያሳያል አሉ። እንግዲያ ካሳህ እሱ ይሁን። ማታ ማታ ና፤ ልጄን አሳየኝ።"

ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹም መረቁና ተለያየን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት በየጊዜው ስመላለስ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ወደ ጉብታው ይወጣሉ። ልጅቱ ከሥራ የምታርፈው በዚያ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሰሞን እሷ ዝም ብላ ታለቅሳለች፤ አባቷ ዝም ብለው ያዩዋታል፤ አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም ብለው ይቆማሉ። ቀስ በቀስ ነገር መጣ። የመቃብሩን ፎቶ ጠየቀች፤ አባቴ አንሥተው አሳዩአት። የእናቷን የጎመን መደብ ጠየቀች፤ ያንንም አሳዩአት። አንድ ቀን እኔም አብሬ ወጥቼ ሳለ ጥጃ መጥቶ ስልኩን ላሰውና ምስሉ ሁሉ ምላስ ሆነ። ልጅቱ ሳቀች። አብሮ አደጌ ናት፤ ያን ሳቋን ከሰማሁ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። አባቷ ፊታቸውን አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የአባቴ ሶላር ትንሽ ናት፤ ደመና ከሆነ ቶሎ አትሞላም። ባትሪው ለማታ እንዲደርስ ቀን ላይ ስልኩን አጥፍተው በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ያስቀምጡት ጀመር። ማንም አልመከራቸውም። ሰው ይጠብቀኛል የሚለው ሐሳብ ብቻ በቃቸው። ቀኑ ሲለቀቅላቸው ወደ ማሳቸው ተመለሱ፤ ወንፈል ወጡ፤ የተጣላ ማስታረቅም ጀመሩ። ሳይነጋ የሚደውሉትንም ተዉት። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ስልኩን ገና ሲከፍቱት ብደውልላቸው፣

"ደህና ነሽ? ደህና ከሆንሽ ዝጊው፣ ባትሪዬን አትጨርሽብኝ" አሉኝ። በልቤ እግዜርን አመሰገንሁ።

ፈጽሞ ተዉት ማለት ግን አይደለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉብታው ላይ ብቻቸውን ይታያሉ፤ አንዳንዴም የሰሙትን ወሬ ይዘው ይወርዳሉ። ልዩነቱ አሁን ወሬውን አበልጃቸው ዘንድ ወስደው ሁለቱ እያገላበጡ ይመረምሩታል። ግማሹ እዚያው ይወድቃል። እኔም ብሆን አልዳንሁም። ቢሮ ውስጥ እጄ ሳላዘው ወደ ስልኬ ይሄዳል። ቤቴ ግን፣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ራት ስንቀርብ ስልኮቻችን ቁም ሣጥን ላይ ይወጣሉ። አንዳንድ ቀን እንረሳለን፤ በማግሥቱ እንደገና እንጀምራለን። የሚደወልልኝን የማውቀው ሰው ጥሪ ግን አልዘጋም፤ ቢያንስ አንሥቼ "ደህና ነህ? ደህና ነሽ?" እላለሁ።

አብሮ አደጌ ኮንትራቷን ጨርሳ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ መጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጠዋት ጀምረው ቡሬ መናኸሪያ ደርሰዋል። አውቶቡሱ ሲገባ እኔም ነበርሁ። ስትወርድ አባቷ ሊንቀሳቀሱ አልቻሉም፤ እሷ ናት የሮጠችው። ረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ቆሙ። ሲላቀቁ ወደ አባቴ መጥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ አባቴ ትከሻዋን ይዘው አነሷት።

"ተይ ልጄ፣ ተነሺ። እስኪ ልይሽ። እዚያ ሳለሽ ፊትሽ ሰፋ ብሎ ነበር፤ ከስተሻል።"

"የሚያሰፋው ስልኩ ነው፣ አባቴ" አለች።

ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጫንን። መንገዱ ባለቀበት ወርደን በእግር ስንሄድ ሽማግሌዎቹ ከፊት ቀደሙ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮው በቆሎ እየተከራከሩ ነበር፤ አንዱ ቶሎ ይዘራ ይላሉ፣ ሌላው ትንሽ ይቆይ። ልጅቱ ክንዴን ይዛ ሁሉንም በየተራ ትጠይቀኛለች፤ ያ ዛፍ መቼ ተቆረጠ፣ ይህ ቤት የማን ነው። የሰፈሩ ሰው ሊቀበላት እየወጣ ነበር።